የተማሪው እግር የማን ነው?

ስሙኝማ ወገኖቼ! ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ወንበር ያጣ መደቡ ላይ ይቀመጥ። ዛሬ የማወራችሁ የንጉሥና የንግሥት ተረት አይደለም፤ የኳስና የደብተር ነገር ነው። ከወልቂጤ ተነሥቼ፣ በአሜሪካ ዞሬ፣ ቡታጅራ እገባለሁ። መንገዱ ረዘም ይላል፤ ቢሆንም ሦስተኛው ቡና ሳይቀዳ እንደርሳለን።

መጀመሪያ ጀፎረውን ላሳያችሁ። ጉራጌ መንደር ገብቶ ጀፎረ ሳያይ የተመለሰ እንግዳ የለም። ጎጆዎቹ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት ተያይተው ይደረደራሉ፤ ከጓሯቸው እንሰቱ ጥቅጥቅ ብሎ ይቆማል፤ መሐል ላይ ሰፊና ረጅም የሣር ሜዳ ተዘርግቷል። ለቅሶው እዚያ ነው፤ ሠርጉም እዚያው፤ የመስቀል ደመራም እዚያው ይለኮሳል። አንዱ ተነሥቶ «አጥሬ የግሌ ላድርገው» ቢል መንደሩ አይለቀውም። ማታ ከብቱ ሲገባ ደግሞ ሜዳው የልጆች ይሆናል። ጎሉ ሁለት ድንጋይ ነው፤ ኳሱ ጨርቅ የተጠቀጠቀበት ካልሲ። ዳኛ የለም፣ ክፍያ የለም፣ የተሸነፈ ይሰደባል፣ እናት ስትጣራ ጨዋታው ያልቃል።

ከዚያ ሜዳ አንድ ልጅ እናንሣ። ስም አላወጣለትም፤ አንድ ልጅ አይደለምና። ከቸሃም በሉት፣ ከእዣም፣ ከመስቃንም፣ ከሶዶም ያው ነው። ኳስ እግሩ ላይ ስትደርስ ትረጋለች። ደብተሩንም አልጣለም። አሁን ደብተር አለመጣል ማለት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ከ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የሚቀጥለው ዓመት 3.2፣ የዚያ ማግሥት 5.4። ልጃችን በዚህች ጠባብ በር ሹልክ ብሎ ገባና ዩኒቨርሲቲ ደረሰ። የጉብሬው ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ለአገሬው ልጅ ግቢ መግባት እንደ ድሮው ከዘመድ መራቅ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። እኛ ግን ልጃችን የገባበትን ግቢ ስም አንጠራም፤ የሁሉም ግቢ ታሪክ ነውና ለአንዱ ብቻ አናሸክመውም።

ግቢ በገባ በወሩ ለዲፓርትመንቱ ተጫወተ። በዓመቱ ለዩኒቨርሲቲው ተመረጠ። ማሊያ ተሰጠው፤ ቱታ ተሰጠው፤ ለጉዞ አበል ተቆረጠለት። ጠዋት 11 ሰዓት ተነሥቶ ይሮጣል፤ ከሰዓት ልምምድ አለው፤ ማታ የአካውንቲንግ አሳይመንት ይጠብቀዋል። የሚበላው ከማንም ጋር እኩል ነው። ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ የሚመደበው ገንዘብ ለዓመታት 15 ብር፣ ኋላም 22 ብር ነበር፤ 100 ብር የገባው በ2017 ዓ.ም. ነው። በዚያች 22 ብር በቀን ሁለቴ ልምምድ የሠራ እግር ምን እንደተሰማው ባለቤቱ ብቻ ነው የሚያውቀው።

አንድ ቀን፣ ጨዋታ አልቆ ልጁ ጫማውን በፌስታል አንጠልጥሎ ሲወጣ፣ አንድ ጋሼ ያዙት። መርካቶ ሱቅ ያላቸው፣ ለመስቀል አገር ቤት የገቡ፣ ኳስ ሲያዩ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ የሚያስቀምጡ ሰው ናቸው።

«አንተ ልጅ፣ የማን ልጅ ነህ?»

ነገራቸው። አባቱን ያውቁታል። ጉራጌ ለጉራጌ እንዲህ ነው፤ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ዘመድ ይሆናል።

«ስንት ይከፍሉሃል?»

«ኧረ ምንም ጋሼ። ለግቢው ነው የምጫወተው።»

«ለግቢው! ግቢው ያርስልሃል? እሺ፣ እግርህ ቢሰበርስ?»

«ክሊኒክ አለ።»

«ክሊኒኩ ምን ይሰጥሃል?»

«ፓራሲታሞል» አለ ልጁ፤ ሳቀ። ጋሼ ግን አልሳቁም።

እናንተም አትሳቁ ወገኖቼ፤ የጋሼ ጥያቄ ባሕር ማዶ ሰባ ዓመት ፍርድ ቤት ያንከራተተ ጥያቄ ነው። አሁን ተሳፈሩ፤ አሜሪካ እንሂድ።

እንደ ፈረንጆቹ 1955 ዓ.ም. ነው፤ አገሩ ኮሎራዶ። ሬይ ዴኒሰን የሚባል ጎልማሳ ፎርት ሉዊስ በሚባል ትንሽ ኮሌጅ ይማራል፤ ለኮሌጁም በእጅ የሚይዙትን፣ የሚገጫጩበትን የእነሱን ፉትቦል ይጫወታል። መስከረም ላይ አንድ ጨዋታ ገባ። ኳስ ይዞ የሚሮጠውን ልጅ ሊጥል ሲወረወር ጭንቅላቱ ከልጁ ጉልበት ጋር ተጋጨ። ሞተ። ሚስቱን ከልጆች ጋር ትቶ ሞተ። ሚስትየዋ ፍርድ ቤት ቆማ «ባሌ በሥራ ላይ ነው የሞተው፤ የሠራተኛ ካሣ ይከፈለኝ» አለች። የኮሎራዶ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1957 መልስ ሰጠ፦ ተማሪ ነው እንጂ ሠራተኛ አይደለም፤ ኮሌጁም የኳስ ነጋዴ አይደለም። ካሣ የለም!

በዚያው ዘመን የኮሌጆቹን ስፖርት የሚገዛው ማኅበር፣ ኤንሲኤኤ የሚሉት፣ ይህን ነገር ደንቡ ውስጥ አጥብቆ ጻፈው፤ የሚጫወት ልጅ ተማሪ ይባል፣ ሠራተኛ አይባል ተባለ። ማኅበሩን ያኔ ይመሩ የነበሩት ዋልተር ባየርስ ሸምግለው ጡረታ ከወጡ በኋላ በመጽሐፋቸው ደንቡ ለምን እንደወጣ በግልጽ ጻፉ፤ የካሣ ክስ ስላሰጋን ነው አሉ። ልብ በሉ! የሠራተኛነቱ ክርክር የተቀሰቀሰው በሀብት አይደለም፤ እንደ መበለቷ ባለ የካሣ አቤቱታ ነው።

ከዚያማ ገንዘቡ እንደ ጎርፍ መጣ። ቴሌቪዥን መጣ፤ መቶ ሺህ ሰው የሚይዝ ስታዲየም ተሠራ፤ አሠልጣኞች በዓመት ሚሊዮኖች መብላት ጀመሩ። ተማሪው ግን የትምህርት ክፍያው ተሸፍኖለት፣ ማደሪያና ምግብ አግኝቶ፣ ከዚያ በላይ አንድ ዶላር ቢነካ ይባረር ነበር። የእኛው ደም ያሬድ ንጉሤ እንኳ፣ ወላጆቹ ከኢትዮጵያ የሄዱ፣ በ2019 ለኖትርዳም ዩኒቨርሲቲ ሮጦ የአሜሪካ ኮሌጆች የ1500 ሜትር ሻምፒዮን ሲሆን ስሙን ለማስታወቂያ መሸጥ በማኅበሩ ደንብ ተከልክሎ ነበር። በ2024 ፓሪስ ላይ በዚያው ርቀት የኦሎምፒክ ነሐስ ሲያጠልቅ ግን ባለ ሙያ ሯጭ ነው፤ ኮሌጅም ጨርሷል።

ግድቡ የፈረሰው በ2021 ነው። ሰኔ ላይ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዘጠኝ ለዜሮ ፈረደ፤ ማኅበሩ ከትምህርት ጋር የተያያዘ ጥቅምን መገደብ አይችልም አለ። ሐምሌ 1 ደግሞ ተማሪ በስሙና በፎቶው ገንዘብ እንዲያገኝ ተፈቀደ። በመጨረሻም ሰኔ 6 ቀን 2025 ክላውዲያ ዊልከን የሚባሉ ዳኛ አንድ ስምምነት አጸደቁ፤ ላለፉት ዓመታት ለተጫወቱት 2.8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ይካሣል፤ ከእንግዲህም አንድ ትምህርት ቤት ከፈለገ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር በቀጥታ ለስፖርተኞቹ ማከፋፈል ይችላል።

እልል በሉ? ቆዩ! ገንዘቡ ሲመጣ አብሮ የመጣውን ነገር ስሙ። ከካሣው ትልቁ ድርሻ ወደ ፉትቦሉና ወደ ወንዶች ቅርጫት ኳስ አዘነበለ፤ ሴት ስፖርተኞች «እኛስ?» ብለው ይግባኝ አሉ። ከኬንያና ከኢትዮጵያ በተማሪ ቪዛ የሄደ ሯጭ ደግሞ፣ ጓደኛው ጫማ አስተዋውቆ ሲከፈለው፣ እሱ እጁን አጣጥፎ ያያል፤ አሜሪካ ምድር ላይ እንዲያ ያለ ሥራ ሠርቶ ገንዘብ መቀበል ከቪዛው ሕግ ጋር ያጣላዋል። በር ሲከፈት የሚገባው ሁልጊዜ በሩ አጠገብ የቆመው ነው።

ተመለሱ፤ አገራችን ገብተናል።

እኛ ዘንድ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። እነሱ አገር ኮሌጁ ራሱ ክለብ ነው፤ እኛ አገር ክለቡ መሥሪያ ቤት ነው። አበበ ቢቂላ እንደ ፈረንጆቹ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ሲያሸንፍ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር። የዚያን ዘመን የኦሎምፒክ ሕግ በሩጫ ገንዘብ መቀበልን ይከለክላል፤ አበበ የሚከፈለው በወታደርነቱ ነው። ምሩጽ ይፍጠርን አየር ኃይል ያዘው፤ ደራርቱ ቱሉን የማረሚያ ቤቶች ክለብ። መከላከያው፣ ፖሊሱ፣ ባንኩ፣ መብራት ኃይሉ፣ ሁሉም ሯጭና ኳስ ተጫዋች ቀጥሮ በደሞዝ ያሳድራል። ብልህ ዘዴ ነበር፤ ዓለም «አማተር ነው ወይስ ባለ ሙያ?» እያለ ሲጨቃጨቅ እኛ ሯጩን ወታደር አድርገን አበላነው። ይድነቃቸው ተሰማ እንኳ፣ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን (ካፍን) እንደ ፈረንጆቹ ከ1972 እስከ 1987 የመሩት ትልቁ ሰው፣ ስፖርት ለገበያ እንዳይሸጥ እስከ ዕድሜያቸው ማብቂያ የተከራከሩ የአማተርነት ጠበቃ ነበሩ። አገሩ ግን ከሥር ከሥሩ ለእግር ደሞዝ መክፈል ለምዶ ነበር።

ታዲያ ዘዴው አንድ ቀዳዳ ነበረው። ክለብ የሚቀጥረው ሠራተኛ እንጂ ተማሪ አይደለም። ልጁ አሥራ ሰባት፣ አሥራ ስምንት ሲሞላው ሁለት መንገድ ፊቱ ይቆማል፤ ወይ ክለብ፣ ወይ ክፍል። ክለብ ከገባ ደብተሩ ይዘጋል፤ ክፍል ከገባ እግሩ ይዝጋል። ዩኒቨርሲቲ ራሱ ክለብ ሲይዝ እንኳ ነገሩ አይለወጥም። ወልዋሎ አዲግራት ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ቡድን በ2010 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊግ ገባ፤ ማሊያው የዩኒቨርሲቲ ስም አለው፣ ተጫዋቾቹ ግን በደሞዝ የተቀጠሩ ባለ ሙያዎች ናቸው። እንግዲህ ፍረዱ፤ አሜሪካኖቹ ዘንድ ተማሪው ይጫወታል፣ ለረጅም ዘመን አልተከፈለውም፤ እኛ ዘንድ የዩኒቨርሲቲውን ስም ለብሶ የሚጫወተው ይከፈለዋል፣ ክፍል ግን አይገባም።

አሁን ወደ ወልቂጤ። ወልቂጤ ከተማ በ2012 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊግ ሲሰለፍ ከቀቤና እስከ ጉመር ያልተደሰተ አልነበረም። ደጋፊው ቡድኑን «ሠራተኞቹ» ብሎ ጠራው፤ ለጉራጌ ልጅ ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና ከየት ይመጣል? በ2013 ዓ.ም. ዲኤስቲቪ ሊጉን ማስተላለፍ ጀመረ፤ ጨዋታዎቹም በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋ፣ በሐዋሳ እየተዘዋወሩ ይካሄዱ ጀመር። የወልቂጤ ሰው የገዛ ቡድኑን ሻይ ቤት ገብቶ በቴሌቪዥን ያይ ጀመር። የትኬት ገቢ ቀረ፤ ቡድኑ በከተማው በጀትና በደጋፊ መዋጮ ላይ ተንጠለጠለ። ከዚያ የሆነውን የስፖርት ወሬ የሚከታተል ሁሉ ያውቀዋል፤ ደሞዝ ዘገየ፣ ተጫዋቾች ልምምድ አቆሙ፣ ተለመኑ፣ ተመለሱ፣ እንደገና ዘገየ።

ይህን የማነሣው ቡድኑን ለመውቀስ አይደለም፤ አገሩ ሁሉ የታመመው በሽታ ነው። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ የተጫዋች የወር ደሞዝ ከ50,000 ብር አይለፍ ተብሎ ጣሪያ ተበጀለት። ብዙም ሳይቆይ ከጠረጴዛ ሥር የሚከፈል ሌላ ገንዘብ አለ የሚለው ሐሜት ከጣሪያው በላይ ወጣ። ወረቀቱ ላይ አንድ ቁጥር፣ ኪስ ውስጥ ሌላ ቁጥር፣ ባንክ ውስጥ ደግሞ አንዳንዴ ምንም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው።

እንግዲህ ልጃችንን አስታውሱት፤ ጫማውን በፌስታል አንጠልጥሎ ከጋሼ ጋር ትተነው ነበር። ጋሼ የዋዛ ሰው አይደሉም። «ና ለከተማ ቡድን ተጫወት፤ በወር ይህን ያህል አስከፍልሃለሁ» አሉት። ልጁ አደረ፣ አሰበ፣ እናቱ ጋ ደወለ። እናት ምን እንደምትል ታውቃላችሁ፤ «ልጄ፣ አንተ ያልከው ይሁን፤ ትምህርትህን ግን…» ብላ ዝም አለች። በማግሥቱ የሜዳ ጓደኛው ነገረው፤ እዚያ ቡድን ሄዶ ደሞዝ ሳያገኝ የቀረ፣ ክፍልም ቀርቶ የተባረረ ልጅ ነው። ወይ ብሩ፣ ወይ ዲግሪው ሲባል ሁለቱም ከእጁ የወጡ።

ስለዚህ «ተማሪ ስፖርተኛ ይከፈለው ወይ?» ለሚለኝ የእኔ መልስ ይህ ነው። ይከፈለው! ግን በምን እንደሚጀመር ልናገር።

«ደሞዝ ይቆረጥለት» የሚሉ አሉ። ክፉ አላሉም፤ የደከመ ይብላ ማለት የአገራችን ወግ ነው። ግን ከየት? የአሜሪካው ኮሌጅ የሚያካፍለው የቴሌቪዥን ብር አለው። የእኛ ግቢ ጨዋታ የሚያየው ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ተማሪ ነው፤ በነፃ። ለአሥራ አንድ ኳስ ተጫዋች ደሞዝ ከተቆረጠ ከላብራቶሪው ወይ ከካፌው ላይ ነው የሚቆረጠው። ለኳስ ተከፍሎ ለ5000 ሜትር ሯጯ ልጅ ሳይከፈል ሲቀር ደግሞ የአሜሪካ ሴቶች ይግባኝ እዚሁ ይደርሳል። «እንዳለ ይቀመጥ፣ ለክብር ይጫወቱ» የሚሉም አሉ። ለክብር መጫወት ደግ ነው፤ ክብር ግን የተበጠሰ ጅማት አይሰፋም።

የጋሼን ጥያቄ መልሱልኝ፤ እግሩ ቢሰበርስ? መጀመሪያ የሚከፈለው እሱ ነው። የሰባት ቤት ጉራጌ ሽማግሌዎች የጆካ በሚባለው ሸንጎ ተሰብስበው ቂጫ በሚሉት ባህላዊ ሕጋቸው ሲዳኙ ኖረዋል። በዚያ ሥርዓት ደም የፈሰሰበት፣ አካል የጎደለበት ነገር ያለ ካሣ አይዘጋም፤ «ወድዶ ነው የገባው» ብሎ ጉዳተኛን ባዶ እጁን መስደድ ነውር ነው። የኮሎራዶ ፍርድ ቤት ለዚያች መበለት የነፈገው ነገር እኛ መንደር ከጥንት የታወቀ ነው። ታዲያ ይህን የሚያውቅ አገር፣ የገዛ ልጁን ግቢ አስገብቶ፣ ማሊያ አልብሶ፣ ጉልበቱ ሲፈነዳ «ክሊኒክ ሂድ» ሊል አይገባውም።

ሁለተኛው ክፍያ ጊዜ ነው። ለውድድር አሥር ቀን የሄደ ልጅ ፈተናው ሲመለስ ይቆየው፤ በመምህሩ ደግነት ሳይሆን በጽሑፍ። ክለብ የሚጠራው ደግሞ ዲግሪውን ሳይጥል የሚጫወትበት ውል ይኑር፤ ክለቡ ዝውውር ሲፈጽም ልጁን ያፈራው ግቢ ድርሻውን ያግኝ፤ ያም ድርሻ ለቀጣዩ ልጅ ሕክምናና ምግብ ይዋል። ሦስተኛው ሆዱ ነው። በቀን ሁለቴ የሚሮጥ ልጅ ቁጭ ብሎ ከሚያነበው ጋር እኩል በልቶ አይዘልቅም፤ ተጨማሪ እንቁላልና ወተት ደሞዝ አይባልም፣ ልመናም አይደለም። ከዚያ በኋላ ገንዘብ ካለ፣ ለወንዱም ለሴቷም፣ ለኳሱም ለሩጫውም፣ የነፃ ትምህርትና የኪስ ገንዘብ ይምጣ። ሲመጣ ግን በቀኑ ይምጣ። በየወሩ የማይደርስ 10,000 ብር ከመፈረም በየወሩ የሚደርስ 1,000 ብር መፈረም ይሻላል።

በመጨረሻ ቡታጅራ ገባን። ዛሬ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ናት፤ ዘቢዳር ተራራ ከላይ ያያታል። ከዘቢዳር ሥር የሚሮጥ ልጅ ሳንባውን ከየትም አይገዛም፤ ከፍታው በነፃ ይሰጠዋል። ክረምቱ አልፎ መስቀል ሲቃረብ የአዲስ አበባው ልጅ አገር ይገባል፤ የየሰፈሩ ቡድን ይሰለፋል፤ ነጋዴው ማሊያ ያለብሳል፤ አሸናፊው በግ ይጎትታል። ዩኒቨርሲቲ ያለው ልጅም ለእረፍት መጥቶ ይጫወታል፤ ከበጉ ድርሻው ይደርሰዋል። ክፍያ አይደለም ትላላችሁ? በግ ነው እንጂ ምን ይሁን! ሕዝቡማ ለተማሪ እግር መክፈል የጀመረው ከዩኒቨርሲቲዎቹ ቀድሞ ነው፤ ያልጀመረው መጻፍ ነው። ማን ከፈለ፣ ስንት ከፈለ፣ ልጁ ቢጎዳ ማን ይጠየቃል፣ የሚል አንድ ወረቀት የለም።

መዋጮ ጠፍቶብን አይደለም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የጉራጌ ልጆች ከየከተማው ገንዘብ አዋጥተው ወደ አገራቸው መንገድ ያስጠረጉ ናቸው። እቁብ ሲጥሉ ዳኛና ጸሐፊ ይሰይማሉ፤ የአንድ ሰው ዕጣ ሳይጻፍ አያድርም። ያንኑ ልማድ ወደ ሜዳው ማምጣት ነው የቀረን። የወልቂጤና የቡታጅራ ነጋዴዎች፣ የግቢዎቹ የስፖርት ክፍሎች፣ የከተማ ቡድኖቹና የልጆቹ ወላጆች አንድ ቀን ይቀመጡ። ለተማሪ ስፖርተኛ የሕክምና መድን የሚገዛ አንድ የጋራ ሣጥን ያቁሙ፤ ጸሐፊ ይሰይሙ፤ ልጁም፣ ግቢውም፣ ክለቡም የሚፈርሙበት አንድ ገጽ ውል ያውጡ።

ጋሼ ያንን ውል ቢያዩ መጀመሪያ የሚያነቡት የደሞዙን መስመር እንዳይመስላችሁ። ነጋዴ ናቸው፤ ጣታቸውን የሚያሳርፉት «ጉዳት ቢደርስ» የሚለው አንቀጽ ላይ ነው፤ ከሥሩ የማን ፊርማ እንዳለ አይተው ብቻ ልጁን ሜዳ ያስገቡታል።